ዕድሜ ሲገፋ የማርሻል አርት ልምምድን እንዴት ማስተካከል ይቻላል? ዝርዝር መመሪያ

ለብዙ ዓመታት ካራቴ፣ ጁዶ፣ ቴኳንዶ፣ ቦክስ ወይም ሌላ የማርሻል አርት ዓይነት ሲለማመድ የኖረ ሰው፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንዱ በሃያ አምስት ዓመቱ ይሠራ የነበረውን ሁሉ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ብዛት ለመቀጠል መታገል ነው፤ ሌላው ከአንድ ሁለት ጉዳት በኋላ «አሁንስ በቃኝ» ብሎ ጨርሶ መተው ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ለማይፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ዕድሜ ሁሉንም ችሎታ እኩል ስለማይቀንስ ልምምዱም ከሁሉም በኩል እኩል መቀነስ የለበትም። ቴክኒክ፣ የርቀት ግምትና የተጋጣሚን ሐሳብ ቀድሞ መረዳት ለረጅም ዓመታት አብረው ይቆያሉ፤ ቀድመው የሚደክሙት በቅጽበት የሚወጣው ኃይልና ከድካም የማገገም ፍጥነት ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ መቀነስ ያለበት የልምምድ ቀን ሳይሆን ያልተጠበቀ ምት፣ ያልተጠበቀ ውድቀትና ያልተጠበቀ የመገጣጠሚያ መጠምዘዝ ነው።

በሰውነት ላይ የሚመጣው ለውጥ

ከ30 ዓመት በኋላ ሰው በየ10 ዓመቱ ከጡንቻው መጠን ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ያጣል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ይህ ፍጥነት ይጨምራል። ከሁሉ በላይ የሚመነምኑት ለፈጣን እንቅስቃሴ የሚያገለግሉት የጡንቻ ክሮች በመሆናቸው፣ ከባድ ዕቃ ለማንሳት ምንም ያልተቸገረ ሰው ርግጫው እንደ ዘገየበት፣ ወደ ኋላ ሸርተት ለማለትም አንድ አፍታ እንደሚቀድሙት ይሰማዋል። ከፍተኛው የልብ ምትም ይቀንሳል፤ በስፋት የሚሠራበት ግምት ከ208 ላይ የዕድሜን 0.7 እጥፍ መቀነስ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት የ30 ዓመት ሰው ወደ 187፣ የ60 ዓመት ሰው ደግሞ ወደ 166 ይደርሳል። ይህ ግምት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በአሥርና ከዚያም በላይ ምት ሊለያይ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ተለማማጆች ችላ የሚሉት የጅማትን ነገር ነው። ጅማት ከጡንቻ ያነሰ የደም ዝውውር ስላለው ራሱን ከአዲስ ጫና ጋር የሚያለማምደው በዝግታ ነው፤ ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት ይፈልጋል። ከረጅም እረፍት የተመለሰ ሰው ጡንቻው «ዝግጁ ነኝ» እያለው ባቱን ከተረከዙ ጋር የሚያገናኘው የአኪለስ ጅማት ገና ያልደረሰበት ጊዜ አለ። የአኪለስ ጅማት ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ባሉ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ስፖርት በሚሠሩ ወንዶች ላይ መሆኑ፣ አደጋውም በድንገት መሬት ገፍተው ሲነሱ የሚደርስ መሆኑ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ሐኪም ማነጋገር፣ መድኃኒትንም መንገር

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ስፖርት እሠራለሁ» ማለት አይበቃም፤ ሐኪሙ በእግር መሄድን ወይም ሩጫን አስቦ «ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉ» ሊልዎት ይችላልና። ጭንቅላትዎ እንደሚመታ፣ እንደሚወድቁ፣ አንገትዎ እንደሚታነቅ ወይም ክንድዎ እንደሚጠመዘዝ በግልጽ ይንገሩት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በዝርዝር ያሳዩ፤ ከሌላው ሁሉ በላይ ልምምዱን የሚለውጡ ሦስት የመድኃኒት ዓይነቶች አሉና።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱ ላይ ምት መቀበልም ሆነ ጭንቅላቱን ሊያስመታው የሚችል አወዳደቅ መውደቅ የለበትም። ያለዚህ መድኃኒትም ቢሆን ዕድሜ ሲገፋ አንጎል በመጠኑ ስለሚኮማተር፣ ከአንጎል ወደ ሽፋኑ የሚሻገሩት ጥቃቅን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ በወጣትነት ራስ ምታት ብቻ ያስከትል የነበረ ምት እነዚህን ሊበጥስና ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ምልክቱም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚታይ የደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው ቤታ ብሎከር የሚባለው የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ነው፤ የልብ ምት ከፍ እንዳይል ስለሚይዝ፣ የሚወስደው ሰው የድካሙን መጠን በእጅ ሰዓት ላይ በሚያየው የልብ ምት ሳይሆን በአነጋገሩ መለካት አለበት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ መካከለኛ፣ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ከወጣው ከባድ ልምምድ ላይ ነው። ሦስተኛው ማንም የማይጠረጥረው ነው፦ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ ፍሎሮኪኖሎን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ጅማትን ለመበጠስ ያጋልጣሉ፤ አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ከታዘዘልዎ ዝላይና ፈጣን ርግጫ መቼ እንደሚመለሱ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም አደጋው ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቆይ ይወቁ።

ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶችና የአጥንት መሳሳት ያለበት ማንኛውም ሰው የአጥንት ምርመራ ሳያደርጉ ከፍ ካለ ቦታ የሚጥል ልምምድ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል፤ ከባድ ነገር ይዞ ወገብን ወደ ፊት አጥፎ መጎንበስም የጀርባ አጥንትን ለስብራት ሊዳርግ ስለሚችል አይመከርም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ አሁን ያሉበትን መለካት

አራት ቀላል መለኪያዎች ይበቃሉ። በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ ሳይንገዳገዱ መቆም፣ በመጀመሪያ ዓይንን ገልጦ፣ ከተቻለ በኋላ ግድግዳ አጠገብ ሆኖ ዓይንን ጨፍኖ፤ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ሙሉ በሙሉ እያነሱ ስንት ጊዜ እንደሚቻል መቁጠር፣ ሁለቱንም እግር ለየብቻ፤ እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበር በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሱ መቁጠር፤ በመጨረሻም ወለል ላይ ተቀምጦ በተቻለ መጠን እጅና ጉልበት ሳያስደግፉ መነሳት። ውጤቱን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር አያስፈልግም። ጽፈው ያስቀምጡና በየሦስት ወሩ ይድገሙት፤ በተለይ የግራና የቀኝ ልዩነት የትኛው እግር ላይ ተደግፈው መርገጥ እንደሌለብዎት ይነግርዎታል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሳምንቱን እንደገና ማደራጀት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ እንዲጨምሩ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን አጣምሮ የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይላል። አንድ የማርሻል አርት ተለማማጅ ይህን ያህል ጊዜ ማሟላት አይከብደውም፤ የሚከብደው ሁሉንም ሰዓት ከባድ አለማድረግ ነው።

በሁለት ከባድ ልምምዶች መካከል ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይተው። ከባድ የሚባለው የፍልሚያ ልምምድ፣ በሙሉ ኃይል መጣልና በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ ነው። በሳምንት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት እንዲህ ያለ ቀን ይኑርዎ፤ በሌሎቹ ሁለት ቀናት የክብደት ልምምድ፣ በአንዱ ቀን ደግሞ ካታ (አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ቅርጽ) ወይም ቀስ ያለ ቴክኒክ ይሥሩ፣ ቀሪውን በእግር በመሄድና በእረፍት ያሳልፉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት የልምምዱን ብዛት ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ማድረግ፣ ቀኑን ግን አለማስቀረት፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ሊታለፍ ቢችልም በስልሳዎቹ ግን ግድ ይሆናል።

አራተኛ ደረጃ፦ ማሟሟቂያውን ማርዘም

ለወጣት የሚበቃው የአምስት ደቂቃ ማሟሟቂያ አሁን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መሆን አለበት፤ ክፍሉ የሚጀምረው በስድስት ሰዓት ከሆነ ቀደም ብለው ይድረሱና የራስዎን ይጀምሩ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ላብ እስኪጀምር ድረስ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ የቁርጭምጭሚት፣ የዳሌ፣ የትከሻና የአንገት ዝግተኛ እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎ ተረከዝ ማንሳትና ቁጭ ብድግ፣ በመጨረሻም የዕለቱን ቴክኒክ ራሱን በዝግታ ጀምሮ ፍጥነቱን እየጨመሩ መሥራት። ይዞ የሚቆይ ማሳሳብ ለልምምዱ መጨረሻ ይቆይ፤ ጓደኛ ከኋላ ገፍቶ እግር የሚያስከፍትበት የቆየ ልማድ ግን በየትኛውም ሰዓት ቢቀር ይሻላል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ጥንካሬን ከዚያም ኃይልን መገንባት

ብዙ የማርሻል አርት ሰዎች ክብደት ማንሳትን «ያደነድናል፣ ያዘገያል» ብለው ሲሸሹት ኖረዋል። ከአርባ በኋላ ግን ከምንጣፉ ውጪ የሚሠራ ሌላ ነገር አንድ ብቻ የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ፣ በእኔ አስተያየት መመረጥ ያለበት ይኸው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አምስት ወይም ስድስት እንቅስቃሴ ይበቃል፦ ቁጭ ብድግ፣ ከወለል ማንሳት፣ መግፋት፣ ወደ ራስ መሳብ፣ ከባድ ነገር ይዞ መሄድና ተረከዝ ማንሳት። ለእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በዙር ከ6 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ያህል ጊዜ የሚያስደግም ጉልበት ሲቀር ያቁሙ። ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት የደም ግፊትን በአንዴ ስለሚያሻቅበው ሲገፉ ያስወጡ።

ከሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ ፍጥነት ይጨመርበታል። ቀለል ያለ ክብደት ይያዙና ቀስ ብለው ወርደው በተቻለ ፍጥነት ይነሱ፤ ድግግሞሹ ትንሽ፣ በመካከሉ ያለው እረፍት ረጅም ይሁን። ፈጣኖቹን የጡንቻ ክሮች የሚያነቃው ይህ ነው፤ በዝግታ ብቻ የሚሠራ ሰው ጠንካራ ሆኖ ይቀጥላል፣ ርግጫው ግን አይመለስለትም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቴክኒኩን ራሱን ማስተካከል

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የሚለወጠው ሰውዬው ለሠላሳ ዓመት በአንድ መንገድ ሲሠራው የኖረ ነገር ነውና። ካራቴ ማዋሺ ገሪ፣ ቴኳንዶ ደግሞ ዶልዮ ቻጊ የሚለውን ዞሮ የሚመታ ርግጫ እንውሰድ። ወጣት ተለማማጅ የቆመበትን እግር ሳያዞር ዳሌውን በኃይል ወርውሮ ሊመታ ይችላል፤ የተረፈውን መጠምዘዝ ጉልበቱ ይሸከምለታል። አሁን ቅደም ተከተሉን ይለውጡ፦ ክብደትዎን ወደ ፊተኛው የእግር መዳፍ ያምጡ፣ ተረከዙን በጥቂቱ ያንሱ፣ ተረከዙ ወደ ዒላማው እስኪያይ ድረስ እግሩን ያዙሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሚመታውን እግር ጉልበት ከፍ ያድርጉና ይልቀቁ። መስታወት ፊት ሆነው በአራት ቆጠራ በዝግታ ሲሠሩት የቆመው ጉልበትና የእግር ጣቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው፤ ጣቶቹ ወደ ፊት፣ ጉልበቱ ወደ ጎን ካዩ እግሩ አልዞረም ማለት ነው። ባዶ እግር የሚይዝ ምንጣፍ ላይ ይህ ስህተት ጉልበት ውስጥ ያለውን ልም አጥንት ሊቀድ ይችላል። የርግጫው ከፍታም ከወገብ እስከ ታፋ ይውረድ፤ ጭንቅላት ላይ መድረስ ለትርኢት ያምራል እንጂ ታፋ ላይ በትክክል ያረፈ ርግጫ ከዚያ አያንስም።

በጁዶ ጀርባን ለተጋጣሚ ሰጥቶ፣ በርከክ ብሎ በትከሻ ላይ የሚጥለው ቴክኒክ የጣይውን ጉልበትና ወገብ ስለሚጎዳ፣ ሚዛን በማሳጣትና በእግር ጠረጋ ላይ የተመሠረቱት ቢቀድሙ ይመረጣል። በመሬት ላይ ትግል ከታች ሆኖ አንገትንና ወገብን አጥፎ መቆለልን በመተው፣ በጎን መዞርንና ቶሎ ከላይ መሆንን ይለማመዱ። የዝላይ ርግጫ ያለ ብዙ ጸጸት ሊተው የሚችል ነገር ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ አወዳደቅን ከዝቅተኛ ቦታ እንደ አዲስ መጀመር

ከማርሻል አርት ሁሉ ለዕለት ኑሮ የሚተርፈው፣ ለአዛውንት ደግሞ ከቡጢ ይልቅ የሚጠቅመው አወዳደቅ ነው፤ ሆኖም ባለ ጥቁር ቀበቶ ነኝ ብሎ ለዓመታት ሳይለማመደው የቆየ ሰው ብዙ ነው። በጀርባዎ ተኝተው ይጀምሩ፦ አገጭ ወደ ደረት፣ ዓይን ወደ ቀበቶ፣ ሁለቱ እጆች ከሰውነት ወደ 45 ዲግሪ ተከፍተው በመዳፍና በክንድ ምንጣፉን ይምቱ። ይህ ሲለምድ ቁጢጥ ብለው፣ መቀመጫዎን ወደ ተረከዝዎ አስጠግተው ወደ ኋላ ይንከባለሉ። መጀመሪያ መሬት የሚነካው መቀመጫ፣ ቀጥሎ ወገብና ጀርባ ነው፤ ጭንቅላት ጨርሶ አይነካም፣ እጅም ለመደገፍ ወደ ኋላ አይዘረጋም፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረው በዚያ ነውና። ከቁጢጥ ያለ ፍርሃት መውደቅ ሳይቻል ከቆመበት መውደቅ አይሞከርም። በሌላ ሰው መጣል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ወፍራም ምንጣፍ ላይ፣ ቁጥሩ ተወስኖ፣ በሚያውቁት ሰው እጅ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የፍልሚያ ልምምድንና አብሮ የሚሠራውን ሰው መምረጥ

ማንኛውም ማሟሟቂያና ማንኛውም የጉልበት ማሰሪያ የተሳሳተ የልምምድ ጓደኛ የሚያመጣውን ጉዳት አያስቀርም። አደገኛው ሰው ብዙውን ጊዜ ጎበዙ ሳይሆን ጥቂት ወራት የተለማመደው፣ ጠንካራውና ራሱ በፍርሃት የሚሠራው ነው፤ እንቅስቃሴው አይታወቅም፣ ሲወድቅም ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር አልሠራም ማለት መብትዎ ነው፤ ለአሰልጣኙ አስቀድመው በግል ይንገሩ እንጂ ተራ ሲደርስ በሰው ፊት አይከራከሩ። አብረው ከሚሠሩት ሰው ጋር ደግሞ ከመጀመርዎ በፊት «ጭንቅላት አንመታም፣ ግራ ትከሻዬ አይጠመዘዝም፣ ኃይሉ በግማሽ ይሁን» ብለው ይስማሙ።

የዙሩን ርዝመት ያሳጥሩ። ዓለም አቀፉ የብራዚሊያን ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን እንኳ ለአዋቂ ባለ ጥቁር ቀበቶዎች የፈቀደውን የ10 ደቂቃ ግጥሚያ፣ ከ30 ዓመት በሚጀምረው የመጀመሪያው የማስተርስ ክፍል ወደ 6፣ ከዚያ በላይ ባሉት ወደ 5 ደቂቃ አውርዶታል። በልምምድም ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሠርቶ ያንኑ ያህል ማረፍ ይበቃል። ከነጻ ፍልሚያ ይልቅ ከተወሰነ አቋም የሚጀምር ልምምድ ይመረጥ፤ አንዱ ያጠቃል፣ ሌላው ይከላከላል፣ አንድ ውጤት ሲገኝ ይቆማል።

ከሃምሳ በኋላ በልምምድ ላይ በሙሉ ኃይል ጭንቅላት መመታት ጨርሶ መቅረት አለበት የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ጓንትና የራስ መከላከያ መቁሰልን ይቀንሳሉ እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ከመናወጥ አያድኑትም። በመያዣና በመጠምዘዝ ቴክኒኮች ላይ ደግሞ ሕመም እስኪጀምር ሳይጠብቁ፣ መያዣው እንደ ተቆለፈብዎ ወዲያው ተጋጣሚዎን ወይም ምንጣፉን መታ መታ አድርገው እንዲለቅዎ ያመልክቱ። በአንገት ጎን ያሉትን ደም ሥሮች የሚዘጋ ማነቆ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ላለበት፣ የደም ሥር መጥበብ ወይም ስትሮክ ላጋጠመው ሰው አይገባም፤ ክንድ አንገት ላይ ሲደርስ ነጥብ ተቆጥሮ ይለቀቅ። ከማነቆ በኋላ ያልተለመደ የአንገት ሕመም ወይም ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአነጋገር መኮላተፍ ከመጣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይኬዳል።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ለካታና ለቅርጽ ልምምድ ተገቢውን ስፍራ መስጠት

ካታን ለቀበቶ ፈተና ብቻ ሲሠራው የኖረ ሰው አሁን ሊመለስበት ይገባል፤ ምት ሳይቀበል ሚዛንን፣ ዳሌንና ትንፋሽን የሚያሠራ ነገር ከዚህ የተሻለ የለም። በጁዶ ውስጥ ጁ ኖ ካታ የሚባለው ቅርጽ 15 ቴክኒኮች ሲኖሩት ማንም አይወድቅበትም። በዚህ ቅርጽ መምህርነቷ የታወቀችው ኬይኮ ፉኩዳ በ1913 ተወልዳ በ2013 እስክታርፍ ድረስ ዕድሜዋን ለጁዶ ሰጥታለች፤ የአሜሪካ ጁዶ ማኅበር አሥረኛ ዳን (ዳን የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ነው) የሰጣት በ2011፣ በ98 ዓመቷ ነበር። በጃፓኑ የሰይፍ ጥበብ በኬንዶ ደግሞ ለስምንተኛ ዳን ፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ 46 ዓመት መሙላትና ሰባተኛውን ካገኙ 10 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል፤ ደንቡ ራሱ ዕድሜን እንደ መመዘኛ ቆጥሮታል። መውደቅ የሚያሰጋው ሰው በ1956 በቻይና የተቀናበረውን ባለ 24 እንቅስቃሴ ታይ ቺ ከሳምንታዊ ልምምዱ ጋር ቢያዳብለው ሚዛኑን ያጠነክርለታል።

አሥረኛ ደረጃ፦ ማገገም፣ ሕመምን ማንበብና ከእረፍት መመለስ

እንቅልፍ አይሸራረፍ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ጤናማ ሰው በቀን በኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ70 እስከ 84 ግራም ሲሆን፣ ጠንክሮ የሚለማመድ ከዚያም በላይ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጨምር። የጥማት ስሜት ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም እስኪጠማዎት ሳይጠብቁ ውኃ ይጠጡ።

ሕመምን ከ0 እስከ 10 ይመዝኑት። በልምምድ ጊዜ እስከ 3 የሚደርስ፣ በማግስቱ ጠዋትም ወደ ነበረበት የሚመለስ የጅማት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አብረውት ሊሠሩ የሚችሉት ነው፤ ጠዋት ብሶ የሚገኝ ከሆነ ጫናው በዝቷልና በሚቀጥለው ጊዜ ይቀነስ። ጉልበት ወይም ሌላ መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ሰውነትን መሸከም እምቢ ካለ ግን ልምምዱን አቁሞ መታየት ነው። የደረት መጫን፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ሲመጣ ደግሞ ዙሩ እስኪያልቅ እንኳ አይጠበቅም።

ከአንድ ወር በላይ ከቆየ እረፍት ሲመለሱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከቀድሞው ብዛት ግማሹን ያለ ፍልሚያና ያለ ዝላይ ይሥሩ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ፈጣን ርግጫንና ከቁጢጥ መውደቅን ይጨምሩ፤ በአምስተኛው ሳምንት በግማሽ ኃይል፣ ከአንድ የታወቀ ጓደኛ ጋር ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ዙር ይሞክሩ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝዎና ጉልበትዎ እንደ ወትሮው ከሆኑ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዙር ይጨምሩ፣ ካልሆኑ ባሉበት ይቆዩ።